የዘንጉ ክብደት የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1496 በእንግሊዝ አገር የታተመ፣ በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድን የሚያስተምር ጽሑፍ አለ። ዘንግ የሚፈልግ ሰው ራሱ እንዲሠራ ይመክራል። እንደ ክንድ የወፈረ የአኻያ በትር በብርድ ወራት ይቆረጣል፤ በጋለ ምድጃ ይቃናል፤ አንድ ወር ይደርቃል፤ ከዚያ በጋለ ሽቦ መሀሉ እየተቃጠለ ይቦረቦራል። ቀጭኑ የጫፍ ቅርንጫፍ በማይፈለግበት ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገባል። ያየው ሁሉ ተራ ምርኩዝ ይመስለዋል።

ክሩ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ሲሆን የሚታሰረው ዘንጉ ጫፍ ላይ ነበር። ክር የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ስላልነበረ ሩቅ ለመድረስ ዘንጉ መርዘም አለበት፤ የረዘመ እንጨት ደግሞ ክንድ ያዝላል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ሁሉ ከዚህ ችግር ጋር የተደረገ ትግል ነው ብዬ አምናለሁ። ማጠንጠኛው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ቢገባም፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሳልመን ዓሣ አጥማጆች ከአምስት ሜትር የሚበልጥ ከባድ የእንጨት ዘንግ በሁለት እጃቸው ይወረውሩ ነበር።

መፍትሔው ከቀርከሃ መጣ። የቀርከሃ ብርታት ያለው በውጭው ቅርፊት ነው። በ1840ዎቹ በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያዋ ኢስተን ከተማ ጠመንጃና ቫዮሊን ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ፊሊፒ ቀርከሃን እየሰነጠቀ፣ ቅርፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ በሙጫ ያጣብቅ ጀመር። ቆይቶ የሜይኑ ሂራም ሊዮናርድ ባለስድስት ስንጥር ዘንግ በማሽን እየቆረጠ አስፋፋው። እያንዳንዱ ስንጥር ወደ ጫፉ እየሳሳ ሲላግ ሠሪው ዘንጉ የት እንደሚታጠፍ ራሱ ይወስናል፤ ጫፉ ብቻ ወይም እስከ እጀታው ድረስ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዘንግን ለአጠማመዱ ዓይነት መምረጥ በእውነት የተቻለው ያኔ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋይበርግላስ መጣ። አሜሪካ በ1950 የቻይናን ንግድ ስትዘጋ የቀርከሃው ምንጭ ደረቀ፤ ፋይበርግላስም ገበያውን ያዘ። በ1970ዎቹ ካርቦን ፋይበር ተከተለ። ዛሬ ሦስት ሜትር የማይሞላ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመጃ ዘንግ ከ100 ግራም በታች መሆኑ አያስደንቅም።

በሰው ሠራሽ ዝንብ ሲጠመድ የሚወረወረው ክብደት ክሩ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ እንደ ክሩ ክብደት ይመረጣል። በብረት ወይም በእንጨት ማባበያ ሲጠመድ ግን ክሩን ጎትቶ የሚሄደው ማባበያው ነው፤ ዘንጉም በሚወረውረው ማባበያ ግራም ይመረጣል። እንግሊዛዊው ኢሊንግዎርዝ በ1905 ባለቋሚ ጥቅል ማጠንጠኛ ባያወጣ ኖሮ ቀላል ማባበያ ሩቅ መላክ ከባድ በሆነ ነበር።

ዘንግ ቢቀልም ክብደቱ ወደ ጫፉ ካጋደለ ክንድ ያዝላል። ይህን ሚዛኑን ለማወቅ ክሩ የተጠቀለለበትን ማጠንጠኛ ገጥሞ፣ እጅ በሚያርፍበት ቦታ ዘንጉን በአንድ ጣት መሸከም ይበቃል። ጫፉ ካዘቀዘቀ ብዙ ሰው የከበደ ማጠንጠኛ ይገጥምለታል። ቀኑን ሙሉ ጫፉን አንስቶ ክሩን ከውኃው በላይ ለሚይዝ አጥማጅ ይህ በርግጥ የእጁን አንጓ ያሳርፋል። ደጋግሞ ለሚወረውር ግን ኋላ የተጨመረው ክብደት የጫፉን ክብደት አይቀንስለትም፤ እሱ ከመጀመሪያው ጫፉ የቀለለ ዘንግ ይግዛ። ዳር ላይ በተተከለ መደገፊያ አስቀምጦ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ስለ ሚዛን መጨነቁን ትቶ ገንዘቡን ለጥሩ ክርና ለሾለ መንጠቆ ያውለው።