የውቅያኖስ ዝውውር በበረዶ ዘመን

በበረዶ ዘመናት የውቅያኖስ ዝውውር የከባቢ አየርን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከወሰኑት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታስረው የቀሩ የአየር አረፋዎች እንደሚያሳዩት፣ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበሩት 190 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ግን 280 ያህል ነበሩ።

ከአየር የጎደለው ካርቦን በአብዛኛው በጥልቁ ውቅያኖስ ተከማችቶ እንደነበር ይታመናል። ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋት ሲሞቱ የያዙት ካርቦን ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ በአንታርክቲካ ዙሪያ ጥልቁ ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ጋዙን ይለቃል። በበረዶ ዘመን ግን የባሕር በረዶ በመስፋፋቱና ጨዋማው ጥልቅ ውሃ ከላይኛው ጋር እምብዛም ባለመቀላቀሉ ካርቦኑ ከታች ታምቆ ቆየ። ከ18,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ቅልቅሉ ሲጠናከር ጋዙ ወደ አየር ተመልሶ የምድርን መሞቅ አፋጠነ።