የዋግ ተራሮች በወራሪ ካሜራ

ዋግ ኽምራ ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው የተራቆተ ተራራ ነው። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የወጣው የመንግሥት ቃል ኪዳን በዋግ ኽምራዋ ከተማ በሰቆጣ መሰየሙም ምስሉን አጽንቶታል። አብሮት የሚነገር ክስ አለ፤ ደኑን የጨረሰው የዛሬው ገበሬ ነው ይባላል። ክሱ በማስረጃ ፊት አይቆምም፤ ማስረጃውን ያቆዩልን ደግሞ የወራሪ ጦር ካሜራዎች ናቸው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት የዋግና የላስታው ገዥ ዋግሹም ጎበዜ፣ ኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ መንገዱን አልዘጉበትም። ከጦሩ ጋር የመጡ የመሐንዲስ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ያለፉበትን አገር እያነሱ ሄዱ። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች በየስፍራው ቆመው ደግመው ሲያነሱ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ ዛፍና ቁጥቋጦው ከያኔው በዝቶ አገኙት። በ1928ቱ ጦርነት ደግሞ የጣልያን አውሮፕላኖች ሰሜኑን ከሰማይ በስፋት አነሱት። ፎቶዎቹ የተለጠፉባቸው 8,281 ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ኖረው ኋላ ወደ ኮምፒውተር ገብተዋል።

ለወረራ የተነሳ ፎቶ እንዴት ይታመናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የበረራውን መስመር የመረጠው የጦር ፍላጎት ነውና። ጣልያኖቹ የተጠቀሙበት የሳንቶኒ ካሜራ ግን አብራሪው ደስ ያለውን ብቻ አላነሳም። በአንድ ቅጽበት 4 ምስል ያነሳል፤ አንዱን ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሦስቱን አዘንብሎ። ተከታዩም ከቀዳሚው 60 በመቶ ያህል ይደራረባል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለመጠቀችው ሳተላይታችን የት፣ መቼ፣ ስንት ብርሃን የሚለው ትእዛዝ ከእንጦጦ በሶፍትዌር ይላክላት ነበር፤ በጣልያኖቹ ጊዜ ግን ያንን ሥራ የካሜራው አሠራርና የበረራው ዕቅድ ይሠሩት ነበር። አሠራሩ አስቀድሞ የተወሰነ መሣሪያ ዛፍ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ለዚህም ነው ከመንገደኛ ትረካ ይልቅ እሱን የማምነው።

በበጋ የተነሳ መሬት ራቁቱን መታየቱ አይቀርም የሚልም አለ። እርሻው እውነት ነው፣ ይራቆታል። የቤተ ክርስቲያን ጽድና ወይራ ግን በበጋም ቅጠሉን አያረግፍም፤ በፎቶ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዙሪያው እንዲህ ያለ ዛፍ ካልታየበት ያኔም ስላልነበረበት ነው። ከዚያ በፊት ተራራውን ማን እንደመነጠረው ፎቶው አይናገርም። የዛሬው ገበሬ ግን የተቀበለው የተራቆተ መሬት ነው፤ እርከን የሚሠራበትም፣ ከከብት የሚከልለውም እሱው ነው።