ካባቸውን ያወለቁት መምህራን

የትምህርት ቤት ደንብ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ተማሪው የሚከለከለው ነገር ነው። ደወል ሲደወል ተነሣ፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ ከግቢ አትውጣ፣ ጠጉርህን ተቆረጥ፣ ሲጠሩህ አቤት በል። በማደሪያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ዝርዝር ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ በቃሉ ይወጣዋል። ይሁንና አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ለመምህሩስ ደንብ ያወጣለት ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ያደረብኝ በአገራችን የተተከሉትን የካቶሊክ ማደሪያ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ሳገላብጥ ነው። ታሪኩ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ይሸፍናል፤ ሁለት ሦስተኛው የተፈጸመውም እኔ በምኖርበት በትግራይ ምድር ነው። ከዓድዋ ይነሣል፣ በአዲግራት በኩል ያልፋል፣ አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ ያርፋል። በሦስቱም ስፍራዎች የትምህርት ቤቱን ዕድሜ የወሰነው ተማሪው ለመምህሩ ደንብ የመታዘዙ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መምህሩ ራሱ ለአገሩ ደንብ መታዘዙና አለመታዘዙም ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የፍሬሞና ልጆች

ከዓድዋ ብዙም ሳይርቅ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት የሰፈሩበት ቦታ አለ። ስሙንም ፍሬሞና አሉት፤ በእኛ ዘንድ ከሣቴ ብርሃን ሰላማ ተብሎ ለሚጠራው ለፍሬምናጦስ መታሰቢያ መሆኑ ነው። በ1595 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔይን ሰው እዚህ ደረሰ። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ለመግባት ሲሞክር በየመን ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በእስር የማቀቀ፣ ትዕግሥትን በሰንሰለት የተማረ ሰው ነበር።

ፓኤዝ እንደ ደረሰ መጀመሪያ የያዘው ሥራ ቋንቋ መማር ነበር። ግእዝና አማርኛ ተማረ። ከዚያም ከክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ ጦር ጋር የመጡት የፖርቱጋል ወታደሮች ዘሮች የሆኑትንና የአገሬውን ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። የሃይማኖት ትምህርቱ ወደ አማርኛ ተመልሶ ልጆቹ በጥያቄና መልስ ያጠኑት ነበር። በ1596 ወደ ዐፄ ዘድንግል ቤተ መንግሥት ሲጠራ ሁለት ልጆች ይዞ ሄደ። ልጆቹ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ትምህርታቸውን ሲወጡት አድማጩ ሁሉ ተደነቀ።

በዚያው ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር በመላው ዓለም ላሉት ትምህርት ቤቶቹ አንድ ወጥ ደንብ ነበረው። «ራሲዮ ስቱዲዮሩም» ይባላል፤ የወጣውም በጥር 1591 ነው። ስለ ተማሪዎች ጠባይ የደነገገውን ሳይ አንዳንዱ ፈገግ ያሰኘኛል፣ አንዳንዱ ይዘገንነኛል። ተማሪ ጩቤም ሆነ ሌላ የጦር መሣሪያ ይዞ ወደ ግቢ አይገባም። በላቲን ቋንቋ መነጋገርን ይልመድ። ወደ ቲያትርና ወደ ሕዝብ ትርኢት አይሂድ፤ ወንጀለኛ ሲሰቀልም ለማየት አይውጣ፤ ምናልባት የሚሰቀለው መናፍቅ ከሆነ ግን ሊፈቀድለት ይችላል! ካህናቱ በእጃቸው ተማሪ እንዳይመቱም ተከልክለዋል። መገረፍ የሚገባው ቢገኝ፣ የሚገርፍ ሰው ከማኅበሩ ውጪ ይቀጠራል። መምህሩ በሚያስተምርበት እጅ አለንጋ እንዳይጨብጥ ነው ነገሩ። አለንጋውን ግን አላስቀሩትም።

ፓኤዝ በ1614 ዐረፈ። እርሱን ተከትሎ በ1617 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ የጠባዩ ነገር ፍጹም ሌላ ነበር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንደሚባለው፣ በሰው አገር የራሱን ቤት ሥርዓት ዘርግቶ ተቀመጠበት። ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ በዓላቱ በሮም አቆጣጠር ይከበሩ፣ ግዝረት ይቅር አለ። ዐፄ ሱስንዮስም በሥልጣናቸው ደገፉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ከታሪክ እናውቀዋለን። አገር በደም ታጠበ፤ ሱስንዮስ በሰኔ 1624 የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ፍሬሞናም ከነትምህርቱ ተዘጋ።

ያዕቆብ ማርያም በጓላ

ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። በጥቅምት 1832 ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሚባል ጣሊያናዊ የላዛሪስት ካህን ዓድዋ ገባ። ይህ ሰው የሜንዴዝን ስሕተት በሚገባ ያጠና ይመስላል። አለባበሱን እንደ አገራችን መነኩሴ አደረገ፣ የአገሩን ጾም ጾመ፣ ቅዳሴው በግእዝ ሥርዓት እንዲሆን ወሰነ፤ ሕዝቡም «አቡነ ያዕቆብ» ይለው ጀመር። በ1830ዎቹ መጨረሻ በአዲግራት አቅራቢያ ጓላ በሚባል መንደር የካህናት ማሠልጠኛ ከፈተ። ከመቀሌ ወደ አዲግራት በሚወስደው አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ስለ ጓላ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የጓላን ልዩነት ለመረዳት በዚያ ዘመን «ተማሪ» ሲባል ማን እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «ስለ ማርያም» የሚል፣ በገዛ እጁ በቀለሳት ጎጆ የሚያድር ነው። ደወል የለውም፣ የምግብ ቤት የለውም። ደንቡ ግን ጽኑ ነው፤ የኔታ ያሉት ሁሉ ሕግ ነው። ያም ሆኖ የኔታ ካልተስማማው ጓዙን ጠቅልሎ ከጎንደር ጎጃም፣ ከጎጃም ዋድላ መሻገር ይችላል። መምህር መምረጥ የተማሪው መብት ነበር። ጓላ ግን ተማሪውን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበው፣ ቀለቡን ሰጠው፤ በምትኩ ቀኑን ቆጥሮ ተረከበው። እንዲህ ያለው የኑሮ ለውጥ ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ያዕቆብ የመምህሩን ወንበር ለራሱ ብቻ አልያዘም። ከመርጡለ ማርያም የወጣ፣ በሊቅነቱ የታወቀ አባ ገብረ ሚካኤል የሚባል መነኩሴ አብሮት ነበር። ይህ ሰው በ1836 ካቶሊክ ሆነ፤ ገና ቅስና ሳይቀበል በጓላ አስተማረ፤ ለትምህርቱም የግእዝ ሰዋስውና የሃይማኖት መጻሕፍት በማዘጋጀት ከያዕቆብ ጋር ደከመ። የውጭ አገር ሰው በከፈተው ቤት ኢትዮጵያዊው ሊቅ መምህር ሆነ ማለት ነው።

ጓላም ብዙ አልቆየም። የአቡነ ሰላማ ተቃውሞ ሲበረታ ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ ሥራው ወደ አሊቴናና ወደ አካለ ጉዛይ መንደሮች ሸሸ። ገብረ ሚካኤል በ1846 ጎንደር ላይ ተያዘ። እምነትህን ካድ ሲባል እምቢ አለ፤ በቴዎድሮስ ፊት ሞት ሲፈረድበት የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን አማልዶ ሕይወቱን አተረፈለት፤ ነገር ግን በሰንሰለት ታስሮ ከሰራዊቱ ጋር ሲንከራተት በነሐሴ 1847 ሞተ። ያዕቆብም በሐምሌ 1852 በመንገድ ላይ ሳለ ዐረፈ፤ ሮም በጥቅምት 1968 ቅዱስ ብላዋለች። ሕንጻው ፈረሰ፤ የተተከለው ልማድ ግን አልፈረሰም። የአዲግራት ካቶሊካውያን እስከ ዛሬ የሚቀድሱት በግእዝ ነው።

ሱፍ የለበሱት ካህናት

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ አራት ኪሎ ላይ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ የተማረው ትውልድ በፋሽስት አልቆ አገሪቱ ባዶዋን ነበረች። መምህር ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ፣ ከኩቤክ ኢየሱሳውያንን አስመጥተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ሰጧቸው። ቀጥሎም ከመካከላቸው ዶክተር ሉሲየን ማት የመጀመሪያውን የከፍተኛ ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ አዘዟቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሥራ ጀመረ፤ በየካቲት 20 ቀንም በይፋ ተመረቀ።

እስቲ አስቡት፤ ፋሲለደስ ያባረሯቸው ኢየሱሳውያን ተመልሰው መጡ! ታዲያ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ነውና ንጉሠ ነገሥቱ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። የካህን ልብስ አይለበስም፤ ስለ ካቶሊክ እምነት አይሰበክም፤ የሚመጡት በመምህርነት ብቻ ነው። ካህናቱም ተስማሙ። ቀሚሳቸውን አውልቀው ሱፍና ከረባት አደረጉ፤ «አባ» መባሉ ቀርቶ «ሚስተር» እና «ዶክተር» ተባሉ። በ1591 ለዓለም ሁሉ ደንብ የጻፈ ማኅበር፣ አዲስ አበባ ላይ የሌላ ሰው ደንብ ፈርሞ ተቀመጠ።

ተማሪው ከየጠቅላይ ግዛቱ ተለቅሞ የሚመጣ ነበር። ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ መኝታው በነፃ ነው። በአንድ አዳራሽ ይበላል፣ በአንድ ሕንጻ ያድራል፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ኢየሱሳውያኑ በሥርዓት በኩል ዋዛ አያውቁም፤ ክፍል መቅረት፣ ሰዓት ማሳለፍ፣ ጥናት ማጓደል ያስጠይቃል። ፖለቲካ ነክ ማኅበር አይታሰብም፤ የተማሪዎች ጽሑፍም ከአስተዳደሩ ዓይን አያመልጥም። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ አባት እየመጡ ይጎበኙ ነበር። የዚያን ጊዜ ተማሪ የመንግሥት ልጅ ነበር፤ ልጅ ደግሞ አባቱን አይጠይቅም።

ደንቡና ግጥሙ

ነገር ግን ያው ቤት ሌላም ነገር ያስተምር ነበር። ክርክር፣ ንግግር፣ ጽሑፍ፣ ሐሳብን በመረጃ ማስረዳት። የኢየሱሳውያን ትምህርት ጥንትም ይህ ነው፤ ታዛዥ ሰውና ተከራካሪ ሰው በአንድ ጊዜ ለማፍራት ይጥራል። ሁለቱ በአንድ ገላ እስከ መቼ ተስማምተው እንደሚኖሩ ግን የትኛውም ደንብ አይናገርም። በዚህ ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኬንያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በነፃ ትምህርት ዕድል የመጡ ወጣቶች በማደሪያው ተቀላቀሉ። ነፃነት ሊወጡ የተቃረቡ አገሮች ልጆች «እናንተ ለምን ዝም ትላላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ የሚያስደንቅ አልነበረም።

በታኅሣሥ 1953 እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ የኮሌጁ ተማሪዎች በሰልፍ ደገፏቸው። ሙከራው ከሸፈ፤ ተማሪዎቹም ንጉሡን ይቅርታ ጠይቀው ተማሩ። ነገሩ የተዘጋ መስሎ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በኮሌጁ ቀን የግጥም ውድድር ላይ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በሚል ርእስ ግጥሙን አሰማ። በሥርዓት ተቀምጦ ማዳመጥ በለመደ አዳራሽ፣ በሥርዓት ቆሞ ግጥም በሚያነብ ተማሪ አፍ፣ ድሃው ተናገረ። ደንቡን ማንም አልጣሰም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር እንደ ነበረ አልቀጠለም።

በታኅሣሥ 1954 ኮሌጁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃለለ፤ የኢየሱሳውያኑ አስተዳደርም አበቃ። ጥቂት ቆይቶ የማደሪያው ሥርዓት እንዲቀር ተደረገ። መንግሥት አንድ ነገር በደንብ ገብቶታል፤ በአንድ ደወል የሚነሣ ሰው በአንድ ድምፅ መናገር ይማራል። ማደሪያው ቢበተን ኅብረቱ ይበተናል ተባለ። የሆነው ተቃራኒው ነው። ተማሪው የኪስ ገንዘብ ይዞ በየሰፈሩ ቤት ሲከራይ፣ በግጥም ብቻ ይሰማው የነበረውን ድሃ ጎረቤት አድርጎ አገኘው። በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ ወጣ።

አንዳንድ ሰዎች ኢየሱሳውያኑን ለዚህ ትውልድ አመፅ ያመሰግኗቸዋል፤ አንዳንዶች ደግሞ አፋኝ ነበሩ ብለው ይወቅሷቸዋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የእነርሱ ትልቁ ትምህርት በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈው ደንብ አይመስለኝም። በአካላቸው ያሳዩት ነው። ካባውን አውልቆ የሚያስተምር ካህን፣ ሳይናገር የሚናገረው ነገር አለ። ደንብ አክባሪነት ከእኔ ይጀምራል ይላል። ሜንዴዝ ይህን እምቢ አለ፤ ፍሬሞና ጠፋ። ያዕቆብ ተቀበለ፤ ቤቱ ቢፈርስም ቅዳሴው ቀረ። እነ ማት ተቀበሉ፤ ያስተማሯቸው ልጆች አገር መጠየቅ ቻሉ። እርግጥ ዋጋም ነበረው። እንዳይሰብክ የተከለከለ መምህር፣ ተማሪው ስለ ፍትሕ ሲጠይቀው ብዙ ጊዜ ዝም ማለት ነበረበት። ተማሪው መልሱን ከሌላ ቦታ ፈለገ፤ የፈለገበት ቦታ ምን ያህል ደም እንዳስከፈለ የ1960ዎቹ መጨረሻ ይመሰክራል።

ይህን የምጽፈው የትምህርት ነገር ዋዛ ባልሆነበት ከተማ ተቀምጬ ነው። ከ2013 እስከ 2015 በዘለቀው ጦርነት የመቀሌ ትምህርት ቤቶች ለረዥም ጊዜ ተዘግተው ነበር፤ ብዙዎቹ የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። ልጆች ዕድሜያቸው ክፍላቸውን ቀድሞ ወደ ዴስካቸው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ስለ ሥርዓት መላላት የሚያማርር ወላጅና መምህር ብዙ ነው፤ ደንብ ይጥበቅ የሚለውም እንደዚያው። ይጥበቅ፤ አልቃወምም። ብዙ ያየ ልጅን በደወልና በሰልፍ ብቻ ተማሪ ማድረግ እንደማይቻል ግን ከዓድዋ እስከ አራት ኪሎ ያለው ታሪክ ይነግረናል። ልጁ ደንቡን ከማንበቡ በፊት ደንቡን ያወጣውን ሰው ያነባል። እንግዲህ አዲስ ደንብ ስንጽፍ የመጀመሪያውን አንቀጽ ለመምህሩ፣ ሁለተኛውን ለዳይሬክተሩ፣ ሦስተኛውን ለእኛ ለወላጆች እናድርገው። የተማሪው አራተኛ ቢሆን አይጎዳም።