«ደርሶ መልስ»፦ ለሌተንሲ የሚሆን የአማርኛ ስም

ከጎንደር ፒያሳ አዘዞ ድረስ ባጃጅ ኮንትራት የሚይዝ ሰው ዋጋ ከመቆረጡ በፊት አንድ ነገር መናገር አለበት፤ መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ? ይህን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። በጎንደር ወይም በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ኔትዎርክ መግቢያ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ «ሌተንሲ» የሚለውን ቃል በአማርኛ አስረዳ ሲባል ግን ቶሎ አፉ ላይ የሚመጣለት «መዘግየት» ነው። ይህ ፍቺ ፈጽሞ ስህተት ነው ባይባልም አሳሳች ነው፤ የችግሩን ምንጭም ሆነ መፍትሔውን ከሌለበት ቦታ እንድንፈልግ ያደርገናል። ስለዚህ ሌተንሲን «የደርሶ መልስ ጊዜ» እንበለው እላለሁ።

አንድ ኮምፒውተር የላከው መልእክት ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ መልሱም እስኪመጣ እንዲሁ። መለኪያው ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። በአማርኛ ዘገየ የምንለው ቀጠሮ ኖሮት ያሳለፈውን ነው፤ ዘገየ ካልን ደግሞ ጥፋተኛ መፈለጋችን አይቀርም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገመዱ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ መልእክቱ ለመሄድ 3.5፣ ለደርሶ መልስ 7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከዚህ ያነሰ በዚያ መንገድ በየትኛውም ገንዘብ አይገዛም። መልሱን የሚሰጠው ሰርቨር አውሮፓ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ የባሕር በር ከሌላት አገር በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት በኩል ወጥቶ የባሕር ገመድ መያዝ አለበት። መንገዱ 7,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 70 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህ መልእክት አልዘገየም፤ ሩቅ አገር ደርሶ ነው የተመለሰው።

ተማሪውን ይበልጥ የሚያደናግረው ሌተንሲን ከባንድዊድዝ፣ ማለትም ከመስመሩ ስፋት፣ መለየቱ ነው። ለዚህ ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደው ሊማሊሞ ከማንኛውም የመጽሐፍ ሥዕል ይሻላል። ያን ጠመዝማዛ መንገድ ሁለት እጥፍ ብናሰፋው ብዙ መኪና ጎን ለጎን ይወርድበታል፤ አንዱ መኪና የሚዞራቸው መታጠፊያዎች ግን አይቀንሱም። ሜጋቢት ብለን የምንገዛው ስፋቱን ነው። ስፋቱ ርዝመቱን እንደማያካክስ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ላኪው «ደርሶኛል» የሚል መልስ ሳያገኝ ከ64 ኪሎ ባይት በላይ እንዳይልክ ተወስኖበት፣ ደርሶ መልሱም ግማሽ ሰከንድ ቢሆን፣ መስመሩ 100 ሜጋቢት ቢሆንም በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። የዛሬ ኮምፒውተሮች ይህን ወሰን ያሰፉታል፤ እውነት ነው። ያም ሆኖ አንድ ድረ ገጽ ከመከፈቱ በፊት አድራሻው ይጠየቃል፣ ግንኙነት ይመሠረታል፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚስጥር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ገጹ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ደርሶ መልስ ነው።

መለኪያው ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 ፒንግ የተባለውን ፕሮግራም ሲጽፍ ስሙን የወሰደው መርከቦች ድምፅ ልከው ተመላሹን በመስማት ርቀት ከሚለኩበት መሣሪያ ነው። ተማሪው በላብ ውስጥ ዊንዶውስ ላይ ፒንግ ብሎ አድራሻ ሲጽፍ 32 ባይት የያዙ አራት መልእክቶች አንድ በአንድ ይሄዳሉ፤ አራት መስመሮች ይመለሳሉ፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ አካባቢ ሚሊ ሰከንዱ ተጽፎ ይታያል። የሚላከው የመልእክት ዓይነት በእንግሊዝኛ የተሰየመው በገደል ማሚቶ ነው፤ ጥያቄውም መልሱም። ሰሜን ተራራ ላይ ገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ቢመለስለት ገደሉ 170 ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ገደል ማሚቶ ዘገየ ብሎ የሚቆጣ የለም።

የጊዜው ርዝመት ሁልጊዜ አይሰማንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚቀበለው ትምህርት በሳተላይት የሚመጣ ነበር። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚቆም ምስሉ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ያንን ሩብ ሰከንድ ግን ክፍል ውስጥ ማንም ልብ ሊለው አይችልም ነበር፤ ተማሪው የፕላዝማውን መምህር መልሶ መጠየቅ አይችልምና። ያው ሳተላይት በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሲውል ጠያቂው መልስ እስኪሰማ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይጠብቃል፤ ሰዎች ንግግር ይነጣጠቃሉ። ጊዜው የሚሰማን መልስ ስንጠብቅ ነው፤ ስሙም ይህን ቢይዝ ተገቢ ነው።

ሌተንሲ በጥብቅ ትርጉሙ የመሄጃው ጊዜ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር መምህር ይኖራል። ልክ ነው፤ ለዚያ «የመድረሻ ጊዜ» አለን። ግን የመሄጃውን ብቻ ለመለካት በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሰዓቶች እጅግ የተናበቡ መሆን አለባቸው፤ መመለሻው በሌላ መንገድ ሊሆን ስለሚችልም ለሁለት ማካፈል አያስተማምንም። ተማሪው በእጁ የሚለካው ደርሶ መልሱን ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉሙ ምን ይረባል የሚልም አለ። ፈተናው ላይ ሌተንሲ ብሎ ይጻፍ፤ የሚያስብበት ቃል ግን የገባው መሆን አለበት። ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፦ ማታ ዶርም ውስጥ ሁሉም ስልኩን ሲከፍት ያው አድራሻ ፒንግ ሲደረግ ቁጥሩ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይታያል፤ ይህስ መዘግየት አይደለም? ነው። መልእክቶቹ ራውተር በር ላይ ወረፋ ይዘዋል። ስለዚህ «መዘግየት»ን ከመዝገባችን አናወጣውም፤ ከርቀቱ በላይ ለሆነው ትርፍ ጊዜ እናስቀምጠዋለን። ወረፋ በሰፊ መስመር ይቃለላል። ርቀት የሚቃለለው ሰርቨሩን በማቅረብ ነው፤ ደባርቅ ያለ ተማሪ የሚያነበው የቤተ መጻሕፍት ፋይል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ጎንደር ቢቀመጥ የርቀቱ ድርሻ 1 ሚሊ ሰከንድ ነው።

ይህን ኮርስ የምትሰጡ መምህራን፣ በመጪው ሴሚስተር ተማሪዎቻችሁ ፒንግን ከመሞከራቸው በፊት የሰርቨሩን የመንገድ ርቀት በኪሎ ሜትር ወስደው ለ100 ያካፍሉና ውጤቱን ደብተራቸው ላይ «ደርሶ መልስ» ብለው ይጻፉት። «መዘግየት» የሚሉት ከዚያ በላይ የመጣውን ብቻ ይሁን።