የሴባስቶፖል መንገድ

የደብረ ታቦር ልጅ ነኝና «ጋፋት» የሚለው ስም በተነሣ ቁጥር በልጅነቴ በዐይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ሴባስቶፖል መድፍ ብቻ ነበር። መድፉ የተጎተተበትን መንገድ እንዳስብ ያደረገኝ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ነው።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ አጭር ነው። በሽቦ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት፣ ግፊቱ ለተቃውሞው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ግፊቱ በቮልት፣ ጅረቱ በአምፔር፣ ተቃውሞው ደግሞ በሊቁ ስም በኦም ይለካል። 220 ቮልት 22 ኦም ሲገጥመው 10 አምፔር ያሳልፋል፤ ተቃውሞው 44 ሲሆን ግን 5 ብቻ። ግፊቱ አልደከመም፤ መንገዱ ነው የከበደው። ሽቦ ሲረዝምና ሲቀጥን ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሲያጥርና ሲወፍር ይቀንሳል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሕግ ይዘን ወደ 1860 ዓ.ም. እንመለስ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ያሠሩት ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ከደብረ ታቦር ሲነሡ መድፉን የሚስበው የሰው ጉልበት ነበር። የጅዳና የበሽሎ ገደል ግን በጉልበት ብዛት ብቻ የሚታለፍ አልነበረም። ስለዚህ ንጉሡ ተቃውሞውን ቀነሱ፦ ዐለት አስፈለጡ፣ መንገድ አስጠረጉ፣ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ አነሡ። መድፉ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ።

በሽቦ ውስጥ ተቃውሞን ለማለፍ የሚባክነው ኃይል ሙቀት ይሆናል። በበጌምድር ያ ሙቀት እውነተኛ እሳት ነበር። ንጉሡ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋታል፤ የገበሬው ጎተራም ተዘርፏል። ንጉሡን የምወድ ሰው ብሆንም ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

አስተላላፊ ደግሞ ገፊውን አይመርጥም። ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር የቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ደጋው እየዘረጋ መጣ፤ በዚያ ሽቦ ቃሉን የሚያደርሰው ያው የኦም ሕግ ነበር። ጅዳ ሲደርስም ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ ወደ መቅደላ ገሠገሠ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ከባንክ ሥራዬ ስመለስ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፤ ስለ መድፉም ብዙ ገጥሜያለሁ። ስለ መንገዱ፣ ድንጋዩን ስላነሡት እጆችና ጎተራው ስለ ባዶ ገበሬ ግን እስከ ዛሬ አንድ ስንኝ አልቋጠርኩም።