ቁም ሣጥኑ ሲሄድ

አማርኛችን አንዳንዴ ሳናስበው ታሪክ ይናገራል። «ቁም ሣጥን» እንላለን። ልብ ብላችሁ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ተጋድሞ ይኖር የነበረ ሣጥን አንድ ቀን ብድግ ብሎ ቆመ ማለት ነው። የተጋደመውን ሣጥን ሁለት ሰው ያነሳውና በቅሎ ላይ ይጭነዋል። የቆመውን ግን ማን ይጭነዋል? ሣጥኑ የሚቆመው ባለቤቱ ከጉዞ ሲያርፍ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ቱርሚ ላይ ነው፤ ያውም ከሚሄድ ቁም ሣጥን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቱርሚን ለማታውቋት፣ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከጂንካ ወደ ኬንያ ጠረፍ ሲወርዱ የምትገኝ የሐመሮች ትንሽ ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ይደምቃል፤ ቅቤው፣ ማሩ፣ ቅሉ፣ ሴቶቹ ጸጉራቸውን የሚቀቡት ቀይ አፈር ሁሉ ይወጣል። በአንዱ ሰኞ ማግስት አንድ የማውቃቸው አናጢ አስጠሩኝ። በኦሞራቴ በኩል ከኬንያ የገቡ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዛፍ ጥላ ሥር መኪናቸውን አቁመዋል። መኪና ልበለው እንጂ ቤት ነው፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ቁም ሣጥን አለው። ካራቫን ይሉታል። እንግሊዝኛ ስለምሞክር አስተርጓሚ ሆንኩ።

ችግሩ ቁም ሣጥኑ ነው። ከላይ ልብስ የሚሰቀልበት ዘንግ አለው፤ ከዚያ በታች ባዶ። በኮረኮንቹ መንገድ በየጉድጓዱ ሁሉም ይወድቃል። ማታ ሲከፈት ካልሲው ከሸሚዙ፣ መድኃኒቱ ከጫማው ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ሰውዬው ራሳቸው መደርደሪያ ሊያስገቡለት ጀምረው ነበር፤ ግን የመጀመሪያዋ ቪቴ ግድግዳውን በስታ ውጭ ብቅ አለች!

አናጢው ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩና «ይኼ ግድግዳ አይደለም ወንድሜ፣ ቆዳ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ከመሐል ፎም፣ ከውጭ ስስ ቆርቆሮ፤ በቃ። ቪቴ የሚይዘው ሞራሌ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንኳኩ ድምፁ የደፈነበትን ፈለጉ። እዚያ ላይ ግራና ቀኝ ቀጫጭን እንጨት በኮላና በአጭር ቪቴ አሠሩ። መደርደሪያውን በቀላል ኮምፔንሳቶ ቆረጡት። ሰውዬው ችፑድ ቢያሳዩዋቸው «ይከብዳል፣ እርጥበት ሲያገኘውም ያብጣል» ብለው መለሱት። ከፊት ለፊቱ ዕቃው እንዳይንሸራተት ከንፈር አበጁለት፤ ከኋላው አየር እንዲያልፍ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ሲጨርሱ «ከባዱን ታች፣ ቀላሉን ላይ በላቸው» አሉኝ። «ጭነት ከላይ ከከበደ በቅሎም ይገለበጣል፣ መኪናም ይገለበጣል።»

ልብ በሉ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሞራሌ፣ ኮላ፣ ቪቴ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። የበቅሎው ምክር ግን የኛው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት የሐመር እናት ከጥላው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ቆይተው በአንድ ወጣት አስተርጓሚነት ጠየቁን፤ «እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ይዘው ይዞራሉ። ከብቶቻቸው የት አሉ?»

«ከብት የላቸውም» አልናቸው።

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?»

ፈረንጆቹ ሲተረጎምላቸው ከልባቸው ሳቁ። መልስ ግን አልነበራቸውም።

እኚህ እናት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ጠሩን። ቁርበት ላይ ተቀምጠን የቡና ገለባ በቅል ጠጣን። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ዙሪያውን አየሁ። ቅሎች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። የወተቱ ለብቻ፣ የቅቤው ለብቻ፣ የዘሩ ለብቻ። ቆዳው ተጠቅልሎ ከእንጨቱ ጋር ታስሯል። እናትየው የፈለጉትን ዕቃ ሳያዩ እጃቸውን ሰድደው ያወርዳሉ። ያ ሁሉ ቢወድቅ አይሰበርም፤ መነሳት ቢመጣ ተፈትቶ በአህያ ይጫናል። ጠዋት ሙሉ ስንደክምበት የዋልነው ጉዳይ እዚህ ቤት ከጥንት ጀምሮ ተፈትቷል።

እዚያው ተቀምጬ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። ከብዙ ዓመት በፊት በዚሁ አካባቢ ለጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ቅጽ ይዤ ዞሬ ነበር። ቅጹ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁም ሣጥን እያለ ይጠይቃል። በእጄ ስንቱ ቤት ላይ «የቤት ዕቃ፦ የለም» ብዬ እንደጻፍኩ! ቅሉ አናቴን እየነካኝ ነበር እኮ የምጽፈው።

የሚገርመው ይህን የጻፍኩት እኔ የማን ልጅ ነኝ? (ከዚህ በታች ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት ሲቆይ ያየው የዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ድንኳን ነበር። ችሎቱ በድንኳን፣ ቤተ ክርስቲያኑ በድንኳን፣ ገበያው ከሠራዊቱ ጋር የሚጓዝ። ሰፈሩ በየሄደበት የሚተከለው በአንድ ሥርዓት ስለሆነ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ያ ሕዝብ የማገዶው እንጨትና የአካባቢው እህል ሲያልቅበት ይነሳል። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ቆርቁረው ነገሩ ጋብ ቢልም፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ነው። ዐፄ ምኒልክም ከአንኮበር ተነስተው ስንት ቦታ ተዘዋውረዋል። በ1886 አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ እንኳ እንጨት አልቆ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ጀምረው ነበር። ዋና ከተማችንን በቦታዋ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ ነው። ቁም ሣጥናችንም የቆመው ያን ጊዜ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

የዘመኑን ግጥምጥሞሽ ደግሞ ተመልከቱ። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1885፣ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪም ብሪስቶል ላይ በፈረስ የሚጎተት የመዝናኛ ቤት አሠራና «ተንከራታቹ» አለው። ካራቫን ለሽርሽር ማሠራት የተጀመረው በእሱ ነው ይባላል። ካራቫን የሚለው ቃል ከፋርስ የመጣ ሲሆን የነጋዴ ጓዝ ማለት ነው፤ የኛ ሲራራ እንደማለት። እንግዲህ እኛ ከድንኳን ወርደን ቤት ስንሠራ፣ እነሱ ከቤት ወጥተው ጎማ ላይ ወጡ። የነሱ መሄድ ዕረፍት ተባለ፤ የሐመሩና የዳሰነቹ መሄድ ኋላ ቀርነት ተባለ። ከቱርሚ ዝቅ ብላችሁ ኦሞራቴ ብትደርሱ፣ የዳሰነች ሴቶች ከለመጠ እንጨት ጎብጠው የሚሠሩትን፣ ሲያስፈልግም ፈትተው የሚጭኑትን ቤት ታያላችሁ። ያ ካራቫን ካልሆነ ምን ካራቫን አለ?

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር። በ2011 ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን አቶ መለስ ዜናዊ ስለ ኦሞ መስኖና ስኳር ልማት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ በታችኛው ኦሞ ሰውን በመንደር የማሰባሰብ ሥራ መጣ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አያስፈልግም የሚል አይደለሁም፤ ልጅ የታመመባት እናት ጤና ጣቢያ ቅርብ ቢሆንላት ትወዳለች። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። «የቤት ዕቃ የለም» ተብሎ የተጻፈበትን ሰው «ተነስ» ማለት ይቀላል። ምንም የሌለው ሰው ሲነሳ ምን ይጎድልበታል? ካሣውስ በምን ይሰላል? እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ መልሱን አስቀድሞ የሚሰጠው እንደኔ ያለ ቅጽ ሞይ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለኔ ሳይሆን አይቀርም፤ አያቶቼ በድንኳን መኖራቸውን ረስቼ የሰው ቤት ባዶ ነው እል ነበር።

ፈረንጆቹ በማግስቱ መንገድ ሲጀምሩ ሴትየዋ የተጣጠፈውን ልብስ በሦስቱ መደርደሪያዎች ላይ ደርድረው አሳዩን። ከበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ ከገበያ የገዟትን አንዲት ቅል በጠፍር አንጠልጥለዋታል። አናጢው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ እንኳ መደርደሪያ አትፈልግም» አሉ።

ያ ቅጽ ዛሬ በየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ እንደለበሰ አላውቅም። አግኝቼ እንደገና ብሞላው ግን ለመጻፊያ የተተወችው መስመር አትበቃኝም።