የአዱሊስ መልሕቅ መጣያ

ከምጽዋ በስተ ደቡብ ወደ የብስ ጠልቆ የገባው የዙላ ባሕረ ሰላጤ፥ ነፋስና ማዕበል ላደከማት ባለ ሸራ መርከብ የተሰወረ መጠለያ ሆኖ ሳለ፥ የጥንት መርከበኞች ግን መልሕቃቸውን በወደዱት ስፍራ ሊጥሉ እንዳልቻሉ፥ ስሙ ያልታወቀ አንድ ጽርኣዊ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ኤርትራ ባሕር በጻፈው መጽሐፍ ይመሰክራል።

እርሱ እንደሚለው፥ መርከቦች አስቀድሞ በሰላጤው ውስጠኛ ጫፍ፥ በዲዮዶሮስ ስም በምትጠራ ደሴት አጠገብ ይቆሙ ነበር፤ ነገር ግን ደሴቲቱ ለዳሩ እጅግ የቀረበች ስለ ነበረች፥ የአገሩ ሰዎች ከየብስ በእግር እየተሻገሩ አደጋ ቢጥሉባቸው፥ 200 ስታድዮን ያህል ወደ ባሕሩ አፍ ወደምትርቀው ተራራማ ደሴት ተዛወሩ፤ ይህችንም ብዙ ሊቃውንት የዛሬዋ ደሴ ናት ይላሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ፥ ከማዕበል የሚጋርደው ያው ጸጥተኛና ጥልቀት የሌለው ውኃ ለጠላት መንገድ መሆኑ ነው።

የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ የሚሸጥባት አዱሊስ ራሷ ከዳሩ 20 ስታድዮን ገባ ብላ ተመሥርታ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመትም ንጉሠ ነገሥት ካሌብ ስለ ናግራን ሰማዕታት ባሕር ሲሻገር፥ የቅዱስ ኂሩት ገድል በጽርእ እንደሚተርከው፥ 70 ያህል መርከቦች የተሰበሰቡት በአዱሊስ ወደብ በገበዛ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በዚሁ ሰላጤ መልሕቁን ሲጥል፥ ጥልቁ ውኃ ከዳሩ ርቆ ስለ ነበረ፥ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ መውረጃ ሠርቶ ሠራዊቱን፥ ከህንድ ያመጣቸውንም ዝሆኖች በዙላ አወረደ።